መኪና ይስማማታል?

ውባለም የወንድሟን ሚስት ከሁለት ዓመት በኋላ ያየቻት የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሃዊ የስድስት ዓመት ልጇን ሉሊትን በአንድ እጇ ይዛ በሆስፒታሉ በር ገባች፤ በሌላው እጇ አፉ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ግራ ቀኝ አይታ በርሜሉ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ የልጅቷን አገጭ ጠረገች። ቀና ስትል ዓይኗ ከውባለም ዓይን ጋር ገጠመ። ውባለም መወልወያዋን እንደያዘች ደረጃው ሥር ቆማለች። በወጉ ቢሆን አንዷ ሮጣ ሌላዋን አቅፋ፣ አገላብጠው ተሳስመው፣ የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠሩ ደህንነቱን ይጠያየቁ ነበር። እነሱ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና አንዷ ሰማይ አየች፣ አንዷ ወለል አየች። ሃዊ ልጇን እየጎተተች ወደ ሕፃናት ክፍል ወጣች። ልጅቷ በእጇ ግማሽ ሎሚ ጨብጣ ነበር።

ጸቡ የተነሣው በዚህችው ልጅ ዓይን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ፣ ቀጨኔ ውባለም ቤት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ውባለም የልጅቷን አገጭ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችና፣ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ እየሄደ ነው፣ ሲያድግ ይተዋታል እያላችሁ አትዘናጉ፣ አይተዋትም፣ ሸውራራ ሆና ሳትቀር ሐኪም ይያት አለች። ሆስፒታል ውሎ የሚገባ ሰው አፍ ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። ካፍ የወጣ ግን አፋፍ ነው። ሃዊ ሳህኗን አስቀምጣ «ልጄ ላይ አሟረቱብኝ» ብላ ተነሣች፤ ባሏ ጃለታም አንድ እግር ጫማውን እያጠለቀ ተከተላት። ከዚያ ወዲህ ሃዊ የውባለምን ደጃፍ አልረገጠችም። ጃለታ ሸጎሌ በግ ነጋዴ ነው፤ እህቱን የሚያያት ለደንበኛ በግ ሊያደርስ ሲመጣ፣ እሱም እንደ ሌባ ተደብቆ ነው። የሟርት ነገር አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። ክፉውን አስቀድሞ የተናገረ ሰው ነገሩ ሲደርስ «ልክ ነበር» አይባልም፤ «አመጣብን» ይባላል እንጂ። የልጅቷ ዓይን ደግሞ እንደተባለው አልተዋትም።

ውባለም የሕፃናት ቀዶ ጥገና ክፍልን ወለል ስትወለውል አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በማደንዘዣ ተኝቶ የነቃ ልጅ ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል፤ ያን የሚያጸዳው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም እንጂ ቢጠየቅ መልሱ እሷ ናት። ሰው የሚደክምበትን ነገር ማወቁ አይቀርም። ገና ጠዋት፣ ልጆቹ ሰማያዊውን የሆስፒታል ቀሚስ ሳይለብሱ፣ የቱ እንደሚያስመልሰው የቱ እንደማያስመልሰው ለይታ ታውቃለች። ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ብዙም አያስቸግርም፤ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ነገሩ የሚብሰው። ታላቁን አስመልሶት ከሆነ ታናሹም አይቀርለትም። ዓይናቸው የሚቃናላቸው ልጆች ከሁሉም ይብሳሉ። ከነዚህም ውስጥ ደግሞ ሎሚ እያሸተቱ ከታክሲ የሚወርዱት አሉ፤ እነሱን እንኳን ውባለም ባልዲዋም ታውቃቸዋለች። ድሮ ድሮ በነዚህ ልጆች አልጋ ሥር አስቀድማ ባልዲ ታስቀምጥ ነበር። አንዲት እናት ግን «ከዚህ ሁሉ አልጋ የእኔ ልጅ ሥር ባልዲ ማስቀመጥ ምን ማለት ነው፣ አሟረተችብኝ» ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አጸደ ባልዲውን ከለከለች። የጽዳት ኤጀንሲው ተቆጣጣሪም «አንቺ ጽዳት ነሽ፣ በሕክምናው አትግቢ» ሲል በጽሑፍ አስጠነቀቃት። ይህች ሁለተኛዋ ማስጠንቀቂያ ነበረች፤ ሦስተኛዋ ስንብት ናት።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ዝም አለች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነበር፣ የስምንት ዓመት። ከቀዶ ጥገናው ወጥቶ ሲነቃ አንሶላውንም ወለሉንም አበላሸው። ሲስተር አጸደ ከእናቲቱ ፊት ቆማ «አበልተሽው ነው፤ እውነቱን ተናገሪ፣ ተደብቀሽ አብልተሽዋል» አለቻት። እናቲቱ በቀጨኔ መድኃኔዓለም ማለች፤ የሚያምናት ጠፋ። በመጨረሻ ጨርቁን ከውባለም እጅ ወስዳ፣ ተንበርክካ፣ እያለቀሰች የልጇን ትውከት ራሷ ጠረገች። ሲስተር አጸደ ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ከዓመታት በፊት ሳይጾም የተኛ ልጅ ትውከቱ ሳንባው ገብቶ በእጇ ላይ ሰማያዊ ሲሆን አይታለች፤ ልጁ ቢተርፍም እሷ ከዚያ ወዲህ ያስመለሰው ልጅ እናት ሁሉ ውሸታም ትመስላታለች። ውባለም ግን ልጁ እንደሚያስመልሰው ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ አምና ታላቅ እህቱንም የጠረገችው እሷ ናት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዚያን ዕለቱ ዝምታ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲነቅዝባት ሰነበተ።

ሃዊ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ውባለም ጓንቷን አጠለቀችና ፌስታሉን ከበርሜሉ አንስታ ፈታችው። ሌላ ሰው ቢያያት ምን እንደሚላት አላሰበችም፤ ትውከት ማየት ለእሷ ጋዜጣ እንደማንበብ ነው። ቢጫ ውሃ፣ ከላዩ ትንሽ አረፋ። እንጀራ የለበት፣ ዳቦ የለበት፣ ወተት የለበት። ልጅቷ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ መኪናው ነው ያስመለሳት። ውባለም ፌስታሉን መልሳ ቋጥራ በርሜሉ ጠርዝ ላይ፣ ከሌላው ቆሻሻ ለይታ አስቀመጠችው። 

ክፍሉ ውስጥ አራት አልጋ ላይ አራት ልጆች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ዓይናቸው የሚቃናላቸው። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ሐኪም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጡ ናቸው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ነገ ይሄዳሉ። ዛሬ ያመለጠው ቀጣዩ ተራው ከጥምቀት በኋላ ነው። ውባለም ከአልጋ ሥር አልጋ ሥር እየወለወለች ሳለ ዶክተር ኪብሮን ወረቀቱን ይዞ ገባ። የማደንዘዣ ሐኪም ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከነቃ በኋላ የትኛው ልጅ እንደሚያስመልሰው አስቀድሞ ለመለየት ጥናት ይሠራል። እሷ በባልዲ ያሟረተችውን እሱ በወረቀት ያሟርታል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ወረቀት ማኅተም አለው። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ቀዶ ጥገናው ከግማሽ ሰዓት ካለፈ አንድ፣ ዓይን ከሆነ አንድ፣ በቤተሰቡ ማደንዘዣ ወስዶ ያስታወከ ካለ አንድ። አምስተኛውን ጥያቄ እሱ ራሱ ከውጭ መጽሐፍ ተርጉሞ ነው የጨመረው፤ «የጉዞ ሕመም አለባት?» ይላል። ሁሉም ልጆች ሳይነቁ የሚሰጣቸው አንድ መድኃኒት አለ። አራት ነጥብና ከዚያ በላይ ያለው ግን ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመርለታል፣ ማደንዘዣውም በጭንብል የሚተነፈሰው ቀርቶ በደም ሥር ይሆንለታል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት እናቶች ጥያቄውን ሲያቀርብ ሁሉም «የጉዞ ሕመም» ሲባል ደነገጡ። አንዷ «ኧረ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ» አለች። የለባትም፣ የለበትም፣ የለበትም ተብሎ ተጻፈ። ከልጆቹ የአንዷ እጅ ላይ ሎሚ አለ፤ የአንዱ እናት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ሦስት ፌስታል ታጥፎ ተቀምጧል። ውባለም ይህን ሁሉ ከወለሉ ሆና ታያለች። ተራው ሃዊ ጋ ሲደርስ ሃዊ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልስ ጀመር። ታማ ታውቃለች ወይ? የለም። በእናት በአባት ማደንዘዣ ወስዶ ያስታወከ? የለም። የጉዞ ሕመም? የለም። ሉሊት ከስድስት ወር በፊት፣ ውባለም ሥራ ባልገባችበት ቀን፣ ለዚሁ ሥራ መጥታ ትንሽ ስላሳለች ተመልሳለች፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሃዊ ከዚያ ወዲህ ለሐኪም ከ«የለም» በቀር ቃል ላለመተንፈስ ምላለች። ዶክተሩ ሦስት ነጥብ ጽፎ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሄደ። የውባለም መወልወያ ቆመ። ጃለታ የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት፣ ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ሲያስመልሰው ራሱን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ውሸት ተጽፏል፤ ሁለቱም የሚያርፉት ልጅቷ ላይ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ግን በሌላ በኩል ነው። ሲስተር አጸደ ሉሊትን ቀሚስ ልታለብስ ሹራቧን በአንገቷ ስታወጣ ደረቱ ላይ ቢጫ ነገር አየች፣ አሸተተችው። አስመልሷታል ወይ ብላ ጠየቀች። ሃዊ አላስመለሳትም አለች። ይሄ ታዲያ ምንድን ነው? የትናንት ነው። ትናንት ምን በልታ? ሃዊ ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሷ ነው፤ ትውከቱን ልትደብቅ ስትል ምግብ የደበቀች መሰለች። ሲስተር አጸደ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ውሸታም እናት የልጅ ጠላት ናት፣ እኔ የማንንም ልጅ ሳንባ በትውከት አልሞላም፣ ልብሷን አልብሺያትና ከጥምቀት በኋላ ትመጣላችሁ አለችና የሉሊትን ካርድ ከአራቱ ለይታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሃዊ አልተከራከረችም። የልጅቷን ሹራብ መልሳ ማልበስ ጀመረች፤ አንገቱን ስታጠልቀው ሎሚው ወደቀና አልጋው ሥር ተንከባለለ።

ውባለም ሎሚውን አንስታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ውስጧ ነደደ። በሃዊም ነደደች፣ በሲስተሯም፣ ከሁሉም በራሷ። ሦስተኛዋ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለቻት፤ ትዝ ብትላትም እግሯን አልያዘቻትም።

«አንቺ፣ እንዳትሄጂ» አለቻት ሃዊን። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። «እዚሁ ጠብቂኝ።»

ወደ በሩ ወርዳ ፌስታሉን አነሣች። ቆሻሻ ማፈሻዋ ላይ አስቀምጣ፣ ቅዱስ ነገር እንደያዘ ሰው በሁለት እጇ ይዛ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር ድረስ ወጣች። ከመስመሩ ወዲያ በውጭ ጫማ አይገባም። ስለዚህ ቆመች። የሚገባ የሚወጣው ያያታል፣ አንዱ ምን ትሠሪያለሽ ይላታል፣ ዶክተሩን እየጠበቅሁ ነው ትላለች። ግማሽ ሰዓት ቆመች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። የመጀመሪያው ልጅ ወጥቶ ዶክተር ኪብሮን ጭንብሉን አገጩ ላይ ዝቅ አድርጎ ብቅ ሲል ፌስታሉን አየና ምን እንደያዘች ጠየቃት።

«የአራተኛ አልጋዋ ልጅ ትውከት ነው፣ ዶክተር» አለችው። «ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የወጣ ነው። ይዩልኝ።»

ሌላ ሐኪም ቢሆን ያባርራት ነበር። እሱ ግን ጓንት አጠለቀና ፈታው። አገላብጦ አየው። እህል እንደሌለበት ለማወቅ ለእሱም ትልቅ ትምህርት አያስፈልገውም ነበር። ተከትሏት ወረደ።

ሃዊ አልሄደችም። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሎሚው ከልጅቷ እጅ ወደ እሷ እጅ ተዛውሮ፣ በሩን እያየች ተቀምጣለች። ፌስታሉን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ዶክተሩ የሷ መሆኑን ሲጠይቃት የእኔ አይደለም አለች፤ እዚያው አፍንጫው ሥር፣ ዓይኗን ሳታሽ። ሲስተር አጸደ «ይኸው፣ አላልኩም?» አለች። ከዚያ ወደ ውባለም ዞራ፣ አንቺን ማን በዚህ አገባሽ፣ ሴትየዋንስ ከየት አውቀሻት ነው የምትሟገቺላት ብላ ጠየቀቻት።  ተራቸውን የሚጠብቁት ሁለቱ እናቶች ያያሉ። ውባለም መልሱን ለመናገር እንደማትፈራ፣ እንዲያውም ልጅቷ እንድትሰማው እንደምትፈልግ ታወቃት።

«የወንድሜ ሚስት ናት» አለች። «ልጅቷም የወንድሜ የጃለታ ልጅ ናት። ጃለታ ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ አስመልሶታል፤ ራሱን ይዤ ያደርኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ይጻፉልኝ፣ ዶክተር። ልጅቷን ደግሞ መኪና አይስማማትም፤ እጇ ላይ ያለው ሎሚ ለጌጥ አይደለም።»

ሲስተር አጸደ «ለዘመድሽ ነዋ» አለች። ውባለም አዎ ለዘመዴ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ዘመዴ ላልሆነው ልጅ ዝም ብዬ እናቱ ወለል ስትጠርግ አየሁ፣ ዛሬ አልደግመውም አለቻት። ሃዊ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዶክተር ኪብሮን ከማንም ጋር አልተከራከረም፤ ሉሊት ፊት ቁጢጥ አለና ወሬ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቃት።

«ሉሊት፣ መኪና ይስማማሻል?»

ልጅቷ አሰበችበት። ቀኙ ዓይኗ እሱን ያያል፣ ግራው አፍንጫዋን። «ባጃጅ ይስማማኛል» አለች። «ታክሲ ይሸተኛል። ዛሬ ረዳቱ ተቆጣን።»

ምን እንደበላች ሲጠይቃት ማታ ሽሮ እንደበላች፣ ጠዋት ውሃ ብትለምን እናቷ እንደከለከለቻት፣ ታክሲ ውስጥ ግን በፌስታል እንዳስመለሳት፣ ፌስታሉንም ለማንም እንዳትናገር እንደተነገራት አንድ በአንድ ነገረችው። የሚደበቅ ነገር ይዞ የሚያድር የስድስት ዓመት ልጅ የለም። ሲስተር አጸደ እንግዲያው ካልበላች ለምን ዋሸች፣ ያልበላች ልጅ እናት ምን ያስዋሻታል አለች። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሁሉም ሃዊን አየ።

ሃዊ ከግድግዳው ሳትዞር መለሰች። «አስመለሳት ካልኩ ትመልሱኛላችሁ ብዬ ነው።»

 ዶክተር ኪብሮን ተነሣ፤ ሆዷ ረፍት እንዲያገኝ ተራዋ መጨረሻ ይሁን፣ ትሠራለች አለ። ሲስተር አጸደ ካርዱን ከመሳቢያው አውጥታ ከሌሎቹ ሥር አስገባችው፤ ስታስገባው ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት እጅ እንደሚከብድ ከብዷት ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ሦስቱን ሰርዞ አምስት ጻፈ። ከዚያ ሊሄድ ካለ በኋላ ቆመና ውባለምን «የጉዞ ሕመም» ሲል የጠየቀውን ሁሉም ለምን የለም እንዳሉት ጠየቃት። በሽታ መስሏቸው ነዋ አለችው። መኪና የማይስማማው ሰው በሽተኛ አይደለም፣ መኪና የማይስማማው ሰው ነው፤ እንዲያው «መኪና ይስማማታል?» ብለው ይጠይቁ። እሱም ወደቀሩት ሁለት እናቶች ዞሮ እንደተባለው ጠየቀ። የመጀመሪያዋ ኧረ ልጄን መኪና አይስማማትም፣ ከእንጦጦ ስንወርድ እስከ ስድስት ኪሎ አንጀቷ ነው የሚወጣው ብላ ጀምራ የአጎቷን ሠርግ፣ የአውቶቡሱን መስኮት፣ የሙሽራዋን ቬሎ ሁሉ ተረከች። ኢዮሲያስ የሚባለው ልጅ እናት ብቻ፣ ልጄማ የሹፌር ልጅ ነው፣ መኪና ላይ ነው ያደገው አለች። ዶክተሩ «የጉዞ ሕመም» የሚለውን በእስክሪብቶው አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰረዘው።

ሉሊት የገባችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሃዊና ውባለም ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ሁለት ሰው ያስቀምጣል። የውባለም የምሳ ሰዓት ነበር። ምሳ ዕቃዋን አልከፈተችም። ሃዊ አላመሰገነችም፣ ውባለምም አልጠበቀችም፤ በሰው ፊት ሚስጥሯን የዘከዘከባትን ሰው ወዲያው የሚያመሰግን የለም።  በኋላ ሃዊ ጉልበቷን እያየች፣ ዶክተሩ ከስንት ስንቱን ያስመልሳቸዋል እንዳለ ጠየቀች። እንደ ሉሊት ያሉትን ከአሥር ሰባቱን፣ ሁለቱ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ከአሥር ሁለት ሦስቱን አለቻት ውባለም። ሁለቱን ሦስቱን ማን ይለያቸዋል? እሱን ዶክተሩም አያውቀው። ሃዊ ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ዘረጋች።

«ስታስመልስ የዓይኗ ስፌት ይፈታ ይሆን?» አለች።

«አይፈታም። ያማታል እንጂ፣ ያብጣል፣ ትፈራለች። እኛ እያለን ግን አትፈራም።»

 ውባለም ተነሥታ ሄደች። ባልዲዋን አጥባ፣ በረኪናውን አለቅልቃ፣ ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ከአራቱም አልጋ ሥር አንድ አንድ ዕቃ አስቀመጠች፤ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ የቀለም ጣሳ። ሲስተር አጸደ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ለአራቱም ሲሆን ሟርት አይባልም፣ ጽዳት ነው አለቻት ውባለም። ሲስተር አጸደ ዕቃዎቹን በዓይኗ ቆጥራ አለፈች።

ሉሊት ግራ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ በተሽከርካሪ አልጋ ስትወጣ ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር። ሃዊ እጇን ይዛ ትሮጣለች። ከሌሎቹ አንዷ ሎሚ ይዛ የመጣችው ልጅ ቀድማ ነቅታ፣ ሳያስመልሳት፣ አኩርፋ ተቀምጣለች። ሉሊት ቀስ በቀስ ነቃች። መጀመሪያ እጇን አነሣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ዝም አለች። ዝም ማለቷን ውባለም አልወደደችውም። ከንፈሯ ነጣ፤ ምራቋን ዋጠች፣ ደግማ ዋጠች፣ አዛጋች። ውባለም እነዚህን ምልክቶች ከአሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ሃዊ ልጇን ሳይሆን የውባለምን ፊት ታያለች፤ ዕጣ ሲወጣ እጅ እጅ እንደሚያይ ሰው።

«ሊያስመልሳት ነው?» አለቻት። «ይንገሩኝ። ምንም ይሁን ይንገሩኝ።»

ውባለም ልጅቷን አየች። በዚህ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የማታውቀው ነገር ሆነባት፤ ምልክቱ ያስመልሳታል ይላል፣ መድኃኒቱ አያስመልሳትም ይላል። «አላውቅም» አለች። «ወደ ጎን አስተኚያትና እንጠብቅ። ራሷን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ እጇን ያዢ።»

እንደዚያ ሆነው ጠበቁ። ሉሊት ዋጠች። አዛጋች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ሃዊ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ትጸልያለች፤ የቱም ቋንቋ ብቻውን የበቃት አይመስልም። ያስመለሰው ከወዲያኛው አልጋ ነበር። መኪና ላይ ያደገው የሹፌር ልጅ ኢዮሲያስ፣ ማንም ያልጠረጠረው፣ አንዴ ቀና ብሎ ሲስተር አጸደ ጫማ ላይ ለቀቀው። እናቱ በቁሟ ደርቃ «ምንም አላበላሁትም፣ ሲስተር፣ ልጄን ይንሣኝ» ማለት ጀመረች። ሲስተር አጸደ አፏን ከፈተች። ጫማዋን አየች፣ አልጋው ላይ ያለውን የነጥብ ወረቀት አየች፣ ልጁን አየች። ከዚያ ሳፋውን በእግሯ ስባ ወደ ልጁ አገጭ አስጠጋችና «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አውጣው» አለችው። ለእናቲቱም መሐላ የጠየቀሽ የለም፣ ራሱን ያዢለት አለቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሉሊት ከንፈር ቀለም መለሰ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሻይ በዳቦ ጠየቀች። ሃዊ ይህን ስትሰማ ልጅ የወለደች ዕለት እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች፤ ውባለም ደግሞ ሻይ ፍለጋ እግሬ አውጪኝ ብላ ወረደች፤ አልቅሳ እንዳትታይ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። ልጅቷ ሻዩን በሦስት ጊዜ ጠጣችው፣ ዳቦውንም ግማሹን በላች፣ ሆዷም ያዘው።

አሥር ሰዓት ሲል ዶክተር ኪብሮን የሁሉንም እናቶች ወረቀት ይዞ መጣ። ዓይኑ ከድካም ቀልቷል። ሉሊት መሄድ እንደምትችል፣ ጠብታው ስንት ጊዜ እንደሚጨመር፣ ነገ ጠዋት ለፋሻው ተመልሳ እንደምትመጣ ለሃዊ አስረዳት። አንድ ነገር ብቻ፣ ዛሬም ነገም ታክሲ ውስጥ እንዳትገባ አለ። መድኃኒቱ እስከ ማታ ይይዛታል እንጂ ተአምር አይሠራም፤ መኪናው ካናወጣት እንደገና ይነሣባታል፣ ስፌቱ ደግሞ የዛሬ ነው። እዚህ እንዳላስተኛት አልጋው ለነገ ተራ ተይዟል። ቤታችሁ ሩቅ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

ውባለም በሩ አጠገብ መወልወያዋን እየጨመቀች ነበር። ከሸጎሌ እዚህ ድረስ በታክሲ እንጂ በእግር አይመጣም፣ ፋሻ ካሰረች ልጅ ጋርማ አይታሰብም። የእሷ ቤት ግን ዳገቱን ወጥቶ፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ይህን ለመናገር ሁለት ጊዜ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሁለት ጊዜም መለሰችው። ትውከት ትገምታለች፣ ሰው ግን መገመት አትችልም፤ ደግሞም ዛሬ በሰው ፊት የተናገረችው ለአንድ ቀን ይበቃል። እምቢ ብትባል ልጅቷ ፊት ነው። ዶክተሩ ወረቀቱን እያየ መልሱን ይጠብቃል።

«ቅርብ ነው» አለች ሃዊ።

«የት?»

«እዚሁ ቀጨኔ። አክስቷ ቤት።»

ሲስተር አጸደ ከመዝገቧ ቀና አለች። ዶክተር ኪብሮን ወረቀቱ ላይ አድራሻውን ጻፈ። ውባለም የጨመቀችውን መወልወያ እንደገና ጨመቀችው፤ ጠብ የሚል ውሃ አልነበረውም። ቤቷ ያለው አንድ አልጋ መሆኑን፣ ለሦስት ሰው እንዴት እንደሚበቃ ታሰላ ጀመር። ሃዊ የልጅቷን ሹራብ በቦርሳዋ ከትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሉሊትን በጀርባዋ ልታዝል ጎንበስ ካለች በኋላ ወደ እሷ ዞረች።

«እትዬ፣ ከሥራ የሚወጡት ስንት ሰዓት ነው?» አለቻት።